ለሌላ ለማንም አይሁን

ቤሪል ሆልሮይድ ደግነት ምን እንደሆነ የሚያስተምራት ሰው ያስፈልጋታል ብላ አስባ አታውቅም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙን ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ድንች ስትልጥ፣ ሊጥ ስታሽ፣ አተር ስትቀቅል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ሠላሳና አርባ ሰው ስታበላ ኖራለች። ከዚህ ወዲያ ደግነት ካለ እሰየው፣ ወጥቶ ይታይ። እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ጠበቃ ፊት ተቀምጣ፣ ያ ሁሉ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የስጋ ፓይ በእንግሊዝ ሕግ ዓይን በጎ አድራጎት አይደለም ሲባል ስትሰማ፣ የደነቆረው ጆሮዋ ይሁን ሕጉ መለየት አቃታት።

«አልገባኝም ልጄ» አለች። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

ጠበቃዋ ናሂድ ሚርዛ ትባላለች። አያቷ ከፓኪስታን መጥተው በሱፍ ፋብሪካ ያረጁ፣ እሷ ግን እዚያው ባርንስሊ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አነጋገሯ ከቤሪል የባሰ የዮርክሻየር አካባቢ የሆነ ልጅ ናት። ቢሮዋ ከጫማ መሸጫው በላይ ነው። ከቤሪል ጎን ክሌም ኦግደን ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክሌም ሰማንያ ደፍኗል። በከሰል ጉድጓዱ ዘመን የቆፋሪዎቹ ማኅበር ሰው ነበር፤ ዛሬ ጉድጓዱ ተደፍኖ ሣር በቅሎበታል፣ ክሌም ግን አሁንም የማኅበሩ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊኒ ታክሬይ በየካቲት ሞተች። ዊኒ ማለት የሐሙስን ማዕድ የጀመረች ሴት ናት። ከአርባ ዓመት በፊት የሃግዴል መንደር ከሰል ቆፋሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ በአሮጌው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ድስት ጥዳ መንደሩን ያበላች እሷ ነበረች። አድማው ተሸንፎ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ እሷ ድስቷን አላወረደችም። ኋላ አዳራሹን ገዛችው፤ ፎቁ ላይ ኖረች፣ ምድር ቤቱን ለሐሙስ ማዕድ ተወችው። አላገባችም፣ አልወለደችም። ኑዛዜዋን በገዛ እጇ ጻፈች፣ በሁለት ምስክር አስፈረመች፣ ቤሪልን አስፈጻሚ አደረገች። ኑዛዜው አጭር ነው፦ «ቤቴ ለዘለዓለም የሐሙስ ማዕድ ይሁን፤ እስከ አድማው መጨረሻ ቀን ለጸኑት ሰዎችና ለልጅ ልጆቻቸው። ለሌላ ለማንም አይሁን።»

መንደሩ ይህን ሲሰማ አጨበጨበ። ለካ ቸኩሎ ኖሯል።

«ቤት በሕግ ባለቤት ይፈልጋል» አለች ናሂድ። «ለሰው ከተሰጠ ባለቤቱ ያ ሰው ነው። ለዘለዓለም ለአንድ ዓላማ ይሁን ከተባለ ግን ዓላማው በጎ አድራጎት መሆን አለበት። አለዚያ ስጦታው ይፈርሳል።»

«እና ሰው ማብላት በጎ አድራጎት አይደለም?»

«በጎ አድራጎት ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልጋል ወይዘሮ ቤሪል። አንደኛ፣ ዓላማው ሕጉ ከቆጠራቸው አሥራ ሦስት ዓይነቶች በአንዱ ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ ለሕዝብ መሆን አለበት። ድሃ መርዳት ከተቆጠሩት አንዱ ነው …»

«ድሃ አይደለንም!» ክሌም ቆቡን ጨመደደው።

«ጣጣው እሱ ነው አቶ ኦግደን። ዊኒ ‹ለድሆች› ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«እንዲያ ብላ ብትጽፍማ ከመቃብሯ አስነስቼ እጣላት ነበር!»

ናሂድ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሕዝብ ማለት ደግሞ ማንም ማለት ነው። ዊኒ ግን ሕዝብ አላሉም። እነ እገሌና የነ እገሌ ልጆች ነው ያሉት። በዘር የሚወረስ ነገር ሕዝብ አይባልም። በዚያ ላይ ‹ለሌላ ለማንም አይሁን› አሉበት። በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት።»

ቤሪል ቦርሳዋን ታቅፋ አሰበች። ነገር ሲጠፋባት ምሳሌ መፈለግ ልማዷ ነው። «የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ለማስደወል ገንዘብ ቢተውስ? ባለፈው አንዱ ትቶ ነበር።»

«በጎ አድራጎት ነው።»

«በሽቦ ታጥረው፣ ግንብ ዘግተው፣ ቀን ከሌት ለዓለም የሚጸልዩ መነኮሳትስ?»

«አይደለም። ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። ጸሎቱ ከግንቡ ውጭ ላለው ሕዝብ መጥቀሙን ማስረዳት አልተቻለም።»

«ደወሉስ ማንን ጠቀመ?» አለ ክሌም። «እኔን እሑድ እሑድ እንቅልፍ ነሳኝ እንጂ!»

«ድልድይ መጠገንስ?» አለች ቤሪል፤ እንዲያው አፏ ላይ የመጣላትን።

«ድልድይማ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ጊዜ በወጣው ዝርዝር ውስጥ አለ። ድሃ ልጃገረድ መዳርም ነበረበት።»

«አህያስ? አክስቴ አህያ ነበራት።»

«ለአህዮች መጠለያ ቢተዉ በጎ አድራጎት ነው። ለራስዎ አህያ ቢተዉ አይደለም።»

ቤሪል ይህን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት። ብዙ አህያ መውደድ ጽድቅ ነው፤ አንድ አህያ መውደድ የግል ጉዳይ ነው። ለማታውቀው ድልድይ ድንጋይ ማቀበል ደግነት ነው፤ የምታውቀውን ሰው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ማብላት የግል ክበብ ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሏል ይህ ነው።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ስጦታው ከፈረሰ ቤቱ የማን ይሆናል?»

«ለቅርብ ዘመድ ይሄዳል።»

«ዘመድ የላትም» አለ ክሌም፣ ቸኮል ብሎ።

ናሂድ ወረቀቷን አየች። «ወንድም አላቸው። አቶ ሰልዊን ታክሬይ፣ ፒት ሌን፣ ቁጥር አሥራ ሰባት።»

የክሌም ቆብ ከጉልበቱ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

የዚህን ስም ነገር ለማያውቅ መናገር ግድ ነው፤ እኛ ሃግዴል ውስጥ ግን የምናውቀውን ለመናገር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልደፈርንም። ሰልዊን የዊኒ ታናሽ ነው። እሱና ክሌም ከመሬት በታች አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ቆፍረዋል፤ ከአንድ ኮዳ ሻይ ጠጥተዋል። አድማው ሲነሳ ሰልዊን እንደ ሌላው ወጣ፣ እንደ ሌላው ተራበ፣ እንደ ሌላው በፖሊስ ፈረስ ተባረረ። አድማው ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ወደ ሥራ ተመለሰ። አሥራ አንድ ቀን! ያን ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም ነበር፣ እውነት ነው። ቢሆንም ሃግዴል አድማ ሰባሪን አይምርም።

ያን ዕለት ከጉድጓዱ ወጥቶ እንደ ወትሮው ወደ አዳራሹ መጣና ማዕዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከልምድ ይሁን ከድፍረት እስከ ዛሬ አይታወቅም። አጠገቡ የነበረች ሴት ምንም ሳትናገር ኩባያዋን አነሳችና ገልብጣ አስቀመጠችው። ቀጥሎ ያለውም ገለበጠ፤ ቀጥሎም፣ ቀጥሎም። ሰልዊን ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በሃግዴል የሚያናግረው ጠፋ። ሱቅ ሲገባ ዕቃው በዝምታ ይሰጠዋል። መጠጥ ቤት ሲገባ ብርጭቆ ይገለበጣል። ሚስቱ ስትሞት የመንደሩ ሰው አልቀበረም። ዊኒ ብቻ ከመቃብሩ በር ውጭ ቆማ ዋለች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም።

ያን የመጀመሪያውን ኩባያ የገለበጠችው ቤሪል ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ባሏ ሮይ በዚያው ሳምንት ታስሮ ነበር፣ ሆዷም አርሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ዊኒ ሐሙስ ሐሙስ ማዕዱ ጫፍ ላይ አንድ ኩባያ ገልብጣ ታስቀምጥ ጀመር። መንደሩ መቀጣጫ ነው አለ። ቤሪልም እንደዚያው ይመስላታል። ማንም ያልጠጣበትን ያን ኩባያ በየሳምንቱ የምታጥበው ግን እሷ ነበረች።

«ሦስቱን ቃል ፍቂልን» አለች ቤሪል እዚያው ቢሮ ውስጥ ናሂድን። «ለሌላ፣ ለማንም፣ አይሁን። ልቅም አድርገሽ ፍቂያቸው።»

«የሞተ ሰው ቃል እኔ መፋቅ አልችልም። የሚችለው ቤቱ የሚደርሰው ሰው ብቻ ነው። አቶ ሰልዊን ቢፈርሙ፣ ቤቱ ለሃግዴል ሕዝብ ሁሉ ማዕድ ይሆናል፤ በጎ አድራጎት ይሆናል፤ ለዘለዓለም ይቆማል። ግን ማንም ከበር የማይመለስበት መሆን አለበት።»

«ማንም?» አለ ክሌም።

«ማንም።»

«እሱም?»

«እሳቸውም።»

ክሌም ጣቱን እየቆጠረ አሰበ። «ቆይ ቆይ። እሱን ከበር እንመልስ ካልን ቤቱን ይወርሰናል። ቤቱን እናትርፍ ካልን እሱን እናስገባለን።»

«እንደዚያ ነው።»

«ይሄ ሕግ የሰከረ ሰው ነው የጻፈው!»

አውቶቡስ ውስጥ እስከ መንደር ድረስ ተጨቃጨቁ። ክሌም ቤቱ ይዘጋ እንጂ ደጁን አልጠናም አለ። ቤሪል የሞተችውን ዊኒን ወቀሰች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እኮ፣ ወንድሟን ላራቅ ብላ ቤት አወረሰችው እኮ።

«ይዘጋ ትላለህ» አለችው። «ዶሪስ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት ከሰው ጋር የምትበላው ሐሙስን ብቻ ነው። አንተስ? ሐሙስ ባይኖር ከማን ጋር ታወራለህ? ከቴሌቪዥኑ ጋር?»

«ከቴሌቪዥኑ ጋር። እሱ ቢያንስ አይከዳም።»

«እኔስ ክሌም? ሮይ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ሐሙስ ከሌለኝ የቀሩትን ስድስት ቀኖች በምን ልግፋቸው?»

ክሌም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ቤሪል የጠበቃዋን ወረቀት ይዛ ወደ ቁጥር አሥራ ሰባት ሄደች። ከቤቷ ሁለት ቤት ብቻ አለፍ ብሎ ነው። መንገዱን ሙሉ የመጀመሪያውን ቃል ስታማርጥ ነበር። «እንደምን ዋልክ» አነሰባት። «ይቅርታ» በዛባት። በሩ ተከፍቶ ያ ቀጭን ሽማግሌ፣ ክርኑ በተጣፈ ሹራብ፣ ፊቷ ሲቆም ያማረጠችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ሰልዊን» አለች፤ «የቆሻሻ በርሜልህ ወድቋል።»

ሰልዊን በርሜሉን አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ድምፅሽ ወፍሯል ቤሪል» አለ፤ ገባ በይ ብሎም በሩን ለቀቀላት።

ሻይ አፈላ። ትጠጣው አትጠጣው ግራ ገባት፤ ጠጣችው፣ ምን ታድርግ። ኑዛዜውን፣ ሕጉን፣ አሥራ ሦስቱን ዓይነት፣ ደወሉን፣ መነኮሳቱን ሁሉ ነገረችው። አህያውን ሳይቀር። እሱ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሰማት።

«እና ቤቱ የኔ ነው ማለት ነው?»

«በሕጉ፣ አዎ።»

«አልፈልገውም። ምን ላደርገው?»

ቤሪል እፎይ አለች። «ተመስገን! እንግዲያው እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»

መነጽሩን አድርጎ አንድ ጊዜ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። «ሦስቱ ቃል የት ሄደ?»

«ወጣ።»

«ማን አወጣው?»

«ሕጉ ነዋ! እሱ ካልወጣ በጎ አድራጎት አይሆንም።»

ሰልዊን መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ የጻፈችውን እኔ አልነካም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቃሉ እኮ አንተን የሚያባርር ነው!»

«ማንበብ አላቃተኝም ቤሪል።»

«እኮ!»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈሰችልኝም። በስተመጨረሻ ስለኔ ሦስት ቃል ተናገረች። እነሱንም ልፋቃቸው?»

መንደሩ ሙሉ ያን ቃል ፍቂልን ይላል፤ ያ ቃል ከበር የመለሰው ሰው ደግሞ አይፋቅም ይላል። ዓለም ተገልብጣለች እንዴ?

«ቤቱን ውሰዱት፣ ብሉበት» አለ ሰልዊን። «እኔ አልመጣባችሁም። ቃሉ ግን እንዳለ ይቆይ።»

«ና አልተባልክም። መምጣት የምትችል መሆን አለብህ ነው የተባለው።»

«የማልመጣ ከሆነ መቻሌ ለማን ምን ይረባል?»

«እኔ ምኑን አውቄው!» ቤሪል ጮኸች፤ እንባዋም መጣ። «አንድ አህያና ብዙ አህያ ግራ ያጋባኝን እኔን ነው ይሄን የምትጠይቀኝ?»

ሰልዊን ሊስቅ ምንም አልቀረው። አልፈረመም ግን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሰልዊን ሞኝ አይደለም፣ ወረቀቱን ግን አልለቀቀም።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ ክሌም ድንች እየላጠ ጠበቃት። ክሌም ድንች ሲልጥ ግማሹን ከልጣጩ ጋር የሚጥል ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ብትመክረው አልሰማትም።

«ምን አለሽ ከሃዲው? ቤቱን ሊሸጠው ነው አይደል? ነግሬሽ ነበር።»

«ቤቱን አልፈልግም አለ።»

«እህ። እና ፈረመ?»

«እምቢ አለ።»

«ይኸው! ይኸውልሽ! ሊጫወትብን ነው።»

«የዊኒን ቃል አልፍቅም ብሎ ነው ክሌም። ‹ለሌላ ለማንም አይሁን› ያለችውን።»

የክሌም ቢላዋ ቆመ። «እሱን የሚያወጣውን?»

«እሱን የሚያወጣውን።»

«አይፋቅ አለ? ራሱ?»

«ራሱ። ሌላ ቃል ከሷ የለኝም አለ።»

ክሌም ድንቹን አገላብጦ አየው። ከዚያ መላጡን ቀጠለ። በዚያ ጠዋት ልጣጩ ስስ ነበር፤ ቤሪል አይታ ገረማት።

ዓርብ ዕለት ስልክ አንስታ ናሂድ ዘንድ ደወለች። ሌሊቱን ሲከነክናት ያደረ ጥያቄ ነበራት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዊኒ ሞኝ አልነበረችም። የማኅበሩን ወረቀት ሁሉ የምትጽፍልን እሷ ነበረች። ይሄ ቃል ኑዛዜውን እንደሚያፈርሰው አታውቅም ነበር?»

ናሂድ የቢሮዋን በር ስትዘጋ በስልኩ ተሰማ። «አስፈጻሚዋ እርስዎ ስለሆኑ ልንገርዎት። ያን ዕለት አቶ ኦግደን አብረዎት ስለነበሩ ነው የተውኩት። ዊኒ ባለፈው ዓመት ኑዛዜውን ይዘው መጥተው ነበር። ነገርኳቸው። እነዚህ ሦስት ቃላት ሁሉንም ነገር ያፈርሱታል፣ ቤቱም ለወንድምዎ ይሄዳል አልኳቸው።»

ቤሪል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን አለች?»

«‹እርግጠኛ ነሽ?› አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳቸው። ‹በይ እንዳለ ይቀመጥ› ብለው ኮታቸውን ለበሱ።»

«እየሳቀች ነው ወይስ ተቆጥታ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ስንት ጊዜ አሰብኩት። አላወቅኩም።»

አሁን ቤሪል ምን ትሁን? አንደኛው አእምሮዋ ዊኒ እልኸኛ ነበረች፣ ሕግ ፈረሰ አልፈረሰ ቃሏን አታጥፍም፣ ከነጥላቻዋ ሞተች ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህቺ ተንኮለኛ፣ በሕይወት እያለች አፏ እምቢ ያላትን በኑዛዜ ሠራችው፣ መንደሩን እየነዳች ወንድሟ ደጅ አቆመችው ይላል። አንደኛው እውነት ሲመስላት ሁለተኛው ይነሳል። ያን ቅዳሜ በልብስ ማጠቢያው ሁለት ጊዜ ያለ ሳሙና አጠበች።

እሑድ ከቀትር በኋላ እንደገና ቁጥር አሥራ ሰባት ሄደች። በርሜሉ ቆሟል።

የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ሰልዊን ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ።

«አውቃ ነው?»

«አውቃ ነው።»

«ጠልታኝ ነው ወይስ …» አልጨረሰውም።

«እኔ እንጃ ሰልዊን። ብምልልህ ውሸቴን ነው። ግን አንድ የማታውቀው ነገር አለ። ሐሙስ ሐሙስ ማዕዱ ጫፍ ላይ ኩባያ ታስቀምጥልህ ነበር። እስከ ሞተችበት ሳምንት ድረስ።»

«ለኔ?»

«አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ። ተገልብጦ።»

«ተገልብጦ» አለ።

«ተገልብጦ። ግን አንድ ሐሙስ አጉድላ አታውቅም። የማጥበው እኔ ነበርኩ።» ቤሪል እዚህ ደርሳ አትመለስም። «መጀመሪያ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አጠገቤ አልነበርሽ?»

«ይቅርታ ልበልህ?»

«ተዪው። እኔም ለናንተ ልላችሁ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳስብ አጀማመሩ ጠፍቶብኛል።» «እንደሚፈርስ አውቃ ከተወችው፣ ቃሏን የምፍቀው እኔ አይደለሁም» ብሎ ወረቀቱን ሳበ። ያኔ ወደ ሥራ ለምን እንደተመለሰ ይነግራት ይሆን ብላ ጠበቀች፤ ዓይኗን አይቶ ገባው። «ምክንያቴን አትጠይቂኝ። ምክንያትማ ሁላችሁም ነበራችሁ፤ እናንተ ግን ቆያችሁ።»

ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ፈረመ። ሲጨርስ እንባው በአፍንጫው ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም። ቤሪል ምን እንደምታደርግ ግራ ቢገባት የሻዩን ኩባያዎች ሰብስባ አጠበችለት።

ሕጉ ከዚያ በኋላ የራሱን ጊዜ ወሰደ። ሚያዝያ ላይ ግን ናሂድ ደውላ ማዕዱ በጎ አድራጎት ሆነ አለች፤ ከድልድዩና ከአህዮቹ እኩል። ቤሪል በሩ ላይ «ለሃግዴል ሰው ሁሉ ክፍት ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ሐሙስ ዕለት ክሌም ወረቀቱን አነበበ፣ ጎሮሮውን ጠረገ፣ ገባ።

ሳህኖቹን ስትደረድር ማዕዱ ጫፍ ጋ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። ኩባያውን አቅንታ ብታስቀምጥ ልመና ይመስላል። ገልብጣ ብታስቀምጥ ስድብ ይመስላል። ጭራሽ ብትተወው ደግሞ ዊኒን መርሳት ነው። እንደማይመጣ ነግሯታል፤ እንግዲህ ማን ያየዋል ብላ እንደ ዊኒ ገልብጣው ሄደች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ።

ሠላሳ ስድስት ሰው ማኘክ አቆመ። ሰልዊን ደፉ ላይ ቆሞ የተለጠፈውን አነበበ፤ ቤቱን ራሱ ሰጥቶ ሳለ ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። ከዚያ ማንንም ሳያይ በግድግዳው ጥግ ሄዶ ድሮ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ኩባያውን አየው። ሁለት እጁን በኩባያው ግራና ቀኝ አደረገ። አልነካውም። ቤሪል ወጥ ቤቱ በር ላይ የፓይ ሳህን ይዛ ቆመች። ምነው ባቀናሁት፣ ምነው ባነሳሁት እያለች ራሷን ረገመች።

ክሌም ተነሳ። በሩ በኩል የሚወጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ትልቁን በራድ አነሳና እንደ ወትሮው ከወዲህኛው ጫፍ ጀምሮ ሻይ ይቀዳ ጀመር። ለዶሪስ ቀዳ። ለቀጣዩ ቀዳ። ለሠላሳ ስድስት ሰው ሲቀዳ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያን ዕለት ሁሉም አወቀ። ሰልዊን ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለ ክሌም። «ጀርባው ላይ ልቅዳልህ?»

ሰልዊን ኩባያውን አቀናው። ክሌም ቀዳለት፣ ወተት አደረገለት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አማሰለለት። ስንት እንደሚወስድ አልጠየቀውም።